የቄስ ደሳለ እጆችና የታኅሣሥ ብርድ

ልጅቷ በተወለደች በሳምንቷ፣ አያቷ ቄስ ደሳለ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ጉንጯን ዳሰሱት። ልጅቷ ጮኸች። ጣታቸው ባለፈበት ቦታ ላይ ሣር የጫረው የሚመስል ቀጭን ቀይ መስመር ወጣ። መስመሩ ከሰዓት በኋላ ጠፋ፤ ቄስ ደሳለ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የልጅ ልጃቸውን አልነኩም።

«እቀፏት እንጂ፣ ምን ያስፈራዎታል?» ትላቸዋለች ሚስታቸው አስቻለች።

«ተኝታለች» ይላሉ እሳቸው፤ ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ ጣሪያውን እያየች።

እኔ የቄስ ደሳለ የእህት ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ስጠብቅ እናቴ «እዚህ ተቀምጠሽ ማመልከቻ እየጻፍሽ ወረቀት ከምትጨርሺ ሄደሽ አራሷን አግዢ» ብላ ከላሊበላ ከተማ ወደ አጎቴ ቤት ሰደደችኝ። ቤቱ ከከተማው በላይ፣ ረጅሙ ዳገት ካለቀ በኋላ ነው። ከደጃፉ ቁልቁል ሲያዩ የከተማው ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ውሃ እንደነካው ጠጠር ያብረቀርቃል። አራሷ ባንቺዓለም ናት፤ የቄስ ደሳለ አንድ ልጅ። ባሏ ጋሸና ላይ የጭነት መኪና ይጠግናል። እሷ ግን እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት መጥታ ወለደች።

በዚያ ቤት ውስጥ ቅቤ ያልነካው ነገር አልነበረም። የባንቺዓለም ጸጉር በቅቤ ርሷል። የልጅቷ መሃል አናት ላይ ቅቤ ተደርጓል። አጥሚቱ ላይ ቅቤ ይንሳፈፋል፤ የቤቱ ምሰሶ እንኳ አራሷ ስትደገፈው እየዋለች ወዝ አውጥቷል። በዚህ ሁሉ ወዝ መሃል፣ በሩ አጠገብ ካለችው መደብ ላይ፣ ቄስ ደሳለ እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ደብቀው ይቀመጡ ነበር። ጾመ ነቢያት ገብቷል። አራስ ትበላለች፣ ሕፃን ይቀባል፤ ካህን ግን ቅቤ ወደ አፉም ወደ ገላውም አያስጠጋም።

እጃቸውን ያየሁት ውሃ ሳስታጥባቸው ነው። ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። የእጃቸው ጀርባ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጥቷል። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያዎች በሙሉ ተሰንጥቀዋል። መዳፋቸው በጥር ፀሐይ የተከፋፈለ የዋልካ መሬት ነው፤ አውራ ጣታቸው ሥር ያለው ስንጥቅ ደግሞ ቀይ ሥጋው እስኪታይ ጠልቋል። አንድ ሰው ይህን ተሸክሞ እንዴት እንጀራ ይቆርሳል ብዬ አሰብኩ። ደግሞም ይቆርሳሉ፤ በአራት ጣት ብቻ፣ አውራ ጣታቸውን እንደ ታመመ ዘመድ ገለል አድርገው።

ቄስ ደሳለ በአዘቦት ቀን ግንበኛ ናቸው። ከተማ ወርደው በሚሠራ የእንግዳ ማረፊያ ላይ ድንጋይ ይጠርባሉ፣ ሲሚንቶ ያቦካሉ፣ ግድግዳ ይለስናሉ። ማታ ሲመለሱ እጃቸው ግራጫ ሆኖ ይመጣል። በዚያ እጅ ደግሞ ሰንበት ላይ ቅዱስ ነገር ይነካሉ። ስለዚህ ይፈትጉታል። በልብስ ሳሙና አሽተው፣ በሸካራ ድንጋይ ሞርደው፣ ሎሚ ጨምቀውበት፣ በምንጭ ውሃ ያለቀልቁታል። በማግሥቱ ደግሞ እንደገና። የሲሚንቶ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ይፈትጉታል፤ ከጠፋም በኋላ ይፈትጉታል።

*

ነገሩ የሆነው ኅዳር መጨረሻ፣ በአንድ እሑድ ማለዳ ነው። የመንደራችን ኪዳነ ምሕረት ሁለት ቄሶች ብቻ ነው ያሏት፦ ቄስ ደሳለና የነፍስ አባታቸው አባ ጽጌማርያም። የቀሩት ካህናት ከተማ ወርደው እዚያ ያገለግላሉ። ቅዳሴ ደግሞ ከሁለት ቄሶች ባነሰ አይቀደስም። አባ ጽጌማርያም ስላረጁ፣ እጃቸውም ስለሚንቀጠቀጥ፣ ሕፃናትን የሚያጠምቁት ቄስ ደሳለ ናቸው።

በዚያ ቀን አንድ ወንድ ልጅ ክርስትና ሊነሳ መጥቷል። እኔም ከሴቶቹ ጋር ቆሜያለሁ። ቄስ ደሳለ ልጁን ተቀብለው ወደ ገንዳው ውሃ ዝቅ ሲያደርጉት አንዳች ነገር አስቆማቸው። ጎረቤቶቻችን አንገታቸውን አሰገጉ። ጥርት ባለው ውሃ ውስጥ፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ አንድ ቀጭን ቀይ ክር ተፈትሎ ወጣና ቀስ ብሎ ተበተነ።

ደም የሚፈስበት ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ይህን የማያውቅ እዚያ አልነበረም። ቄስ ደሳለ ልጁን ለክርስትና አባቱ መለሱ፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቀለሉ፣ ከቅጥሩ ወጡ። ውሃው ተደፋ። አባ ጽጌማርያም በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ጥምቀቱን በአዲስ ውሃ ጨረሱ፤ ለቅዳሴው ግን ሁለተኛ ቄስ ጠፋ። አባትየው ልጁ ሳይቆርብ እንዳይውልበት ታቅፎት ዳገቱን ቁልቁል ወደ ላሊበላ ሮጠ።

ከዚያ ወዲያ ቄስ ደሳለ አልቀደሱም። ሰንበት በመጣ ቁጥር ከጎረቤት ደብር ቄስ በልመና ይመጣል። እሳቸው ከምእመኑ ጋር፣ ከቅጥሩ አጥር ሥር ይቆማሉ። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። ቢናገሯቸው ይሻል ነበር መሰለኝ። እሳቸው ደግሞ ስለ እጃቸው ለማንም አልተናገሩም፤ መፈተጉን ብቻ አበረቱት።

ቤት ውስጥ ግን ሁላችንም አንድ ነገር እናስብ ነበር። የልጅቷ ሰማንያኛ ቀን፣ ክርስትና የምትነሳበት፣ በታኅሣሥ ገብርኤል ማግሥት ይውላል። ባንቺዓለም ገና ነፍሰ ጡር ሳለች «ልጄን የሚያጠምቃት አባቴ ነው» ብላ ለአገር ተናግራለች። አሁን ስለዚያ ማውራት ትታለች።

*

ነጅሚያ የመጣችው ልጅቷን ልትከትብ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ የመርሳ ልጅ፣ ከቆላ የመጣች። የላስታን ብርድ አምስት ዓመት ኖራበትም አልለመደችውም፤ ሁለት ሹራብ ደርባ፣ ሂጃቧን እስከ አገጯ ስባ ነው የምትሄደው።

«አባቴ፣ እግሯን ያዙልኝ» አለች መርፌውን እያዘጋጀች።

ቄስ ደሳለ እጃቸውን ከጋቢው አላወጡም። «ይህችን ልጅ ጥሪ» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ፤ ያመለከቱትም በአገጫቸው ነው።

እኔ እግሯን ያዝኩ፣ ልጅቷ አለቀሰች፣ ነጅሚያ ጥጡን ጣለች። ከዚያ ዕቃዋን ሳትሰበስብ መደቡ ላይ ከቄሱ አጠገብ ተቀመጠች።

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

«ለልጅቷ አይደለም እንዴ የመጣሽው?»

«ለቤቱ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ደህና ነኝ።»

«አንቱ፣ ያሳዩዋት» አለች አክስቴ አስቻለች ከጓዳ። «ወይ እኔ መጥቼ አወጣዋለሁ።»

እጃቸው ከጋቢው ወጣ። ነጅሚያ አልደነገጠችም። ገለባብጣ አየችው፣ ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው፣ አውራ ጣቱ ሥር ጫን አድርጋ «ያማል?» አለች።

«ሲሚንቶ ነው» አሉ።

«ሲሚንቶ ብቻ አይደለም። በምን ይታጠባሉ?»

ቄስ ደሳለ ወደ ጓዳው አዩ። አክስቴ መለሰችላቸው። «በልብስ ሳሙና፣ በድንጋይ፣ በሎሚ። ድስቴን እንኳ እንዲያ አልፈትገውም። ድስቴ የሚጠቅመኝ ዕቃ ነው።»

«አባቴ፣ ስሙኝ» አለች ነጅሚያ። «ቆዳ የራሱ ወዝ አለው። ሲሚንቶው ያን ወዝ መግፈፍ ይጀምራል፤ ሳሙናውና ድንጋዩ ይጨርሱታል። ከዚያ ይህ ነፋስ ይመጣል። ምንም ያልለበሰ ሰው ታኅሣሥ ላይ ደጅ ቢያድር ምን ይሆናል? እጅዎ እንደዚያ ነው የሆነው። ውሃው ለብ ይበል። ሳሙናው የገላ ይሁን፣ ትንሽ። ድንጋዩና ሎሚው ይቅር። ሲሚንቶ ሲነኩ ጓንት ያድርጉ። ከታጠቡ በኋላ ደግሞ እጅዎ እርጥበት እንዳለው ቅባት ይንካው፤ እስኪደርቅ አይጠብቁ።»

«እንዴት እርጥብ ላይ ይቀባል?» አለች አክስቴ።

«እኔ በቀን አምስቴ ውዱእ አደርጋለሁ፣ በዚህ በናንተ በረዶ ውሃ። እናቴ ናት ያስተማረችኝ። ውሃ ሲደርቅ የቆዳውን እርጥበት ይዞት ይሄዳል፤ ቅባት ክዳን ነው፣ ሳይሄድ ክደኚበት ትለኝ ነበር።» እጇን ዘረጋች። የጤና ሠራተኛ እጅ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ውሃና ሳሙና የሚነካው፤ እንደ ሕፃን እጅ ለስላሳ ነው። ቄስ ደሳለ እጇን አዩ፣ የራሳቸውን አዩ። ሁለቱም ለጸሎት የሚታጠቡ እጆች መሆናቸው ያን ጊዜ ነው የታየኝ፤ ለምን ቀደም ብሎ እንዳልታየኝ አላውቅም።

ነጅሚያ ከቦርሳዋ አንድ ትንሽ የቫዝሊን ጣሳ አወጣች። ቄስ ደሳለ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ጾም ነው ልጄ። ሞራ አልነካም።»

«ሞራ አይደለም።»

«ነጭ ነው፣ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ይረጋል። ሞራ ካልሆነ ምንድን ነው?»

«ከነዳጅ ነው የሚወጣው። ከመሬት የሚቀዳውን ዘይት ሲያጣሩት የሚገኝ ነው። ላምም በግም አያውቀውም።»

ቄስ ደሳለ ጣሳውን አነሱ፣ አሸተቱ፣ መልሰው አሸተቱ።

«እንግዲያ የአማቻችን ዘመድ ነዋ» አለች አክስቴ። «ለመኪና የሚያደርገውን ለአማቱም ቢያደርግ ምን አለበት?»

ባንቺዓለም አልጋዋ ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም። ቄስ ደሳለ ግን አልሳቁም። ጣሳውን ክዳኑን ዘግተው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

«አባን ሳልጠይቅ አልቀባም» አሉ።

*

በማግሥቱ ወደ ኪዳነ ምሕረት አብሬያቸው ወጣሁ፤ አክስቴ ለአባ ጽጌማርያም የባቄላ ቆሎ አስይዛኛለች። አባ ከቅጥሩ በር አጠገብ ከወይራው ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቄስ ደሳለ መስቀል ተሳልመው ጣሳውን አወጡ።

«አባ፣ ይህን በጾም መቀባት ይቻላል ወይ? ነዳጅ ነው ይላሉ።»

አባ ጣሳውን ተቀብለው አሸተቱ። በትንሿ ጣታቸው ጫፍ ነክተው አፍንጫቸው ላይ፣ ብርዱ በላጠው ቦታ ላይ ቀቡ።

«ትበላዋለህ?»

«ኧረ አልበላም አባ።»

«እንግዲያ ምኑን ጠየቅኸኝ?» አሉና ጣሳውን መለሱ። ከመመለሳቸው በፊት ግን ለሁለተኛ ጊዜ አፍንጫቸውን ቀቡ።

ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ልነሳ ነበር። ቄስ ደሳለ አልተነሡም። መሬት መሬት እያዩ ቆዩ። ነፋሱ የወይራውን ቅጠል እየገለበጠ የብር ሆዱን ያሳያል።

«አባ፣ እጄን ባይፈልገው ነው እላለሁ።»

«ማን?»

ቄስ ደሳለ በአገጫቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመለከቱ። «ዓመቱን ሙሉ ሲሚንቶ የሚነካ እጅ ነው። ሰኞ የዓለም፣ እሑድ የእሱ። ምንም ባጥበው አልጠራ አለ። ደሙ ውሃው ላይ ሲወጣ፣ ያን ጊዜ፣ በቃህ ያለኝ መሰለኝ።»

ለካስ ይፈትጉ የነበረው ሲሚንቶውን አልነበረም።

አባ ጽጌማርያም ቆሎውን ከፍተው አንድ ፍሬ አኘኩ። ጥቂት ጥርስ ነው ያላቸው፣ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ደሳለ፣ ያች ጣሪያ ባለፈው ክረምት አፍስሳ አልነበረም?»

«አፍስሳለች አባ።»

«ኪዳነ ምሕረት ተቆጥታ ነው አልን?»

«አላልንም።»

«ምን አደረግን?»

«ቆርቆሮ ለወጥን።»

«ማን ወጥቶ ለወጠው?»

«እኔ።»

«ግንበኛ ነህ። እጅህንም ጠግነው።» ሌላ ፍሬ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። «እግዚአብሔር ሊያባርርህ ቢያስብ ከልብስ ሳሙና የተሻለ መንገድ አያጣም።»

*

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቄስ ደሳለን እጅ አክስቴ አስቻለች ተረከበችው። እሳቸው አገልጋይ ናቸው፣ እሷ አዛዥ። ጠዋትና ማታ ውሃ ታሞቃለች፤ በክንዷ ትለካዋለች፣ የልጅቷን የገላ ውሃ በምትለካበት ክንድ። እንዲያሹት አትፈቅድም። በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጋ ታደርቀዋለች፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቫዝሊኑን በየጣቶቹ መሃል ታስገባለች። አውራ ጣቱ ሥር ስትደርስ ቀስ ትላለች። እንዲህ እጅ ለእጅ ተያይዘው አይቼያቸው አላውቅም፤ በዚያ አገር ባልና ሚስት ሰው ፊት እጅ ለእጅ አይያያዝም። ቅባቱ ሰበብ ሆኗቸዋል።

ከዚያ ካልሲ ይመጣል። ነጅሚያ ማታ ማታ ቅባቱ እንዳይጠረግ የጥጥ ካልሲ እጅ ላይ ይጠለቅ ብላለች። የተገኙት የአማቻቸው ካልሲዎች ናቸው፤ አንዱ ሰማያዊ ነው፣ አንዱ አረንጓዴ። ቄስ ደሳለ ሲመሽ በሁለት ቀለም እጅ ዳዊት ሊደግሙ ይቀመጣሉ፤ በካልሲ ደግሞ የብራና ገጽ አይገለጥም።

«አንቺ ልጅ፣ ግለጪልኝ።»

እገልጣለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይደግማሉ፤ ገጹ ሲያልቅ ሳያዩ «ግለጪ» ይላሉ። አንድ ማታ ገርሞኝ ጠየቅኋቸው።

«አጎቴ፣ በቃልዎ ከያዙት ለምን ያስገልጡኛል?»

«መጽሐፉ እንዳይቀየም» አሉ።

ጓንቱ ግን ፈተና ሆነባቸው። ነጅሚያ ወፍራም የጎማ ጓንት ከከተማ አስመጣችላቸው፣ ውስጡ ላብ እንዳይዝ ስስ የጨርቅ ጓንት አብራ። ሥራ ቦታው ላይ የመጀመሪያው ቀን ምን እንደሆነ ራሳቸው እራት ላይ ነገሩን።

«ወንድምአገኝ፣ ያ ዋና ግንበኛው፣ ሲያየኝ ማቡኪያውን ጣለው። ‹ኑ እዩ፣ ቄሱ ኦፕራሲዮን ሊገቡ ነው› አለ። አንዱ ደግሞ ‹አባ፣ ግድግዳው ይድናል ወይ?› ይለኛል።»

«እርስዎስ ምን አሉ?» አለች ባንቺዓለም።

«ለቤተ ሰቡ ንገሩ፣ ጸልዩ አልኳቸው።»

በሳምንቱ ወንድምአገኝ ራሱ ወደ ጥግ ስቧቸው የራሱን መዳፍ አሳይቷቸው፣ ጓንቱ የት እንደሚገኝ ጠየቃቸው። ይህን ሲነግሩን ቄስ ደሳለ ኩራታቸውን ለመደበቅ ሹሮውን ደጋግመው አማሰሉት።

እጃቸው ይለወጥ ጀመር። በመጀመሪያ ነጩ ዱቄት ጠፋ። ከዚያ ትንንሾቹ ስንጥቆች፣ ልክ ዝናብ ያገኘ መሬት እንደሚገጥም፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተጠጉ። የአውራ ጣቱ ሥር የመጨረሻው ነበር። እሱም አንድ ቀን ቀጭን ሐምራዊ መስመር ሆኖ ተዘጋ። ያን ቀን አክስቴ ውሃ ስትቀዳ ስታዜም ሰማኋት።

*

በገብርኤል ዕለት ከሰዓት በኋላ ከምንጩ ልንቀዳ ከአክስቴ ጋር ወረድን። ከቁጥቋጦው ወዲያ የሚታወቅ ድምፅ ሰማን፤ የድንጋይ ሙረዳ። አክስቴ እንስራዋን አስቀመጠች።

ቄስ ደሳለ ውሃው ዳር ተንበርክከው ይፈትጋሉ። የልብስ ሳሙናው አጠገባቸው ነው፤ ከየት እንዳወጡት አላውቅም፣ አክስቴ ደብቃው ነበር። ሲያዩን ቆሙ። አረፋው ነጭ ነው፤ በአውራ ጣታቸው ሥር ግን ወደ ሮዝ ሄዷል።

«ነገ ሜሮን ይነካል» አሉ። እንደ ልጅ ነው ያሉት። «የራሴ የልጅ ልጅ ናት። ሲሚንቶ ይዤ እንዴት...»

አክስቴ ወደ ውሃው ገባች፣ በነጠላ ጫማዋ። ድንጋዩን ከእጃቸው ወሰደች፣ ወደ ገደሉ ወረወረችው። ሳሙናውን አስከተለችው። ከዚያ ሁለቱን እጆቻቸውን ያዘች።

«አልቆሸሸም» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ይህ እጅ ይህን ቤት ሠርቷል። ባንቺዓለምን ታቅፏል። አልቆሸሸም። ሰምተውኛል?»

ቄስ ደሳለ አልመለሱም። እሷም አልለቀቀችም። ደሙን በነጠላዋ ጫፍ ጫን አድርጋ እስኪቆም ጠበቀች። እኔ የማልፈልገውን ውሃ ደጋግሜ ቀዳሁ፤ ቆሜ እንዳላያቸው ሌላ ሥራ አጣሁ።

ያን ማታ ካልሲው ውስጥ ከወትሮው ይልቅ ብዙ ቫዝሊን ገባ። ዳዊት ስገልጥላቸው፣ አንድ ገጽ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ከፍተው አነበቡት። የትኛው መዝሙር እንደሆነ አላየሁም። ከዚያ ሳይጠየቁ «ሰምቼሻለሁ» አሉ፤ ለእኔ አልነበረም። አክስቴ ከጓዳ «እሺ» አለች።

*

ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ተኝቷል። ባንቺዓለም ሰማንያ ቀን ሙሉ ያልረገጠችውን መንገድ በነጭ ቀሚስ ወጣች፤ የክርስትና እናት የምትሆነው ጎረቤታችን ልጅቷን ታቅፋለች። ከጋሸና አባትየው ደርሷል፤ የቸኮለ ሰው መሆኑ ጥፍሩ ውስጥ በቀረው የመኪና ግራሶ ያስታውቃል። ከጎረቤት ደብር የተለመነው ቄስም መጥቶ ለክፉም ለደጉም ተብሎ በቅጥሩ ውስጥ ቆሟል። ሁሉም እሱን እያየ ላለማየት ይሞክራል።

ቄስ ደሳለ የቅጥሩ በር ላይ ሲደርሱ አልገቡም። አባ ጽጌማርያም ይጠብቋቸዋል። ቄስ ደሳለ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርገው።

«ትናንት ደምቷል አባ። እርስዎ ይዩትና ግባ ካሉኝ እገባለሁ።»

ቢደብቁት ከእኔና ከአክስቴ በቀር ማንም ባላወቀባቸው ነበር።

አባ እጁን ወደ ፀሐይ አዞሩት። በሚንቀጠቀጥ አውራ ጣታቸው ስንጥቁ ላይ ጫን አሉ፣ ቆዩ፣ ለቀቁ። የገዛ ጣታቸውን አዩ። ደረቅ ነው። እንደገና ጫን አሉ፤ ይኸኛው ከመጀመሪያው ጠንክሮ ነበር፣ ቄስ ደሳለ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አባ ጣታቸውን በነጭ ነጠላቸው ላይ ጠረጉት። ነጠላው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ግባ» አሉ።

ልጅቷን የሚቀበለውን ነጭ ጨርቅ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ገንዳው አጠገብ ቆሜያለሁ። ቄስ ደሳለ እጃቸውን ወደ ውሃው ሲያስገቡ የሰው ሁሉ ዓይን አብሮ ገባ። ውሃው በረዶ ነው። ልጅቷ ሲነካት ጮኸች፣ እንደ ማንኛውም ሕፃን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላችው። አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ውሃውን አየሁት። እስከ ገንዳው ወለል ድረስ ይታያል። የልጅቷ ጸጉር ላይ ከቀረ ቅቤ የወጡ ትንንሽ ክብ ነጠብጣቦች ብቻ ይንሳፈፋሉ፣ ፀሐይ ይዘው።

ጨርቁ ላይ ሲያኖሯት ውሃውን ከፊቷ ላይ በመዳፋቸው ጠረጉላት። ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ በሁለቱም ጉንጯ። እኔ ቀይ መስመር ጠበቅሁ። አልመጣም። ልጅቷ መጮኋን አቁማ ይህ ደግሞ ማን ነው እንደሚል ሰው አየቻቸው።

በቅዳሴው መሃል ካህኑ እጁን ታጥቦ ውሃውን ወደ ሕዝቡ የሚያረግፍበት ሰዓት አለ፤ እኔ ከእንግዲህ ከደማችሁ ንጹሕ ነኝ ሲል። ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፣ አንድም ቀን ስለ እጁ አስቤ አላውቅም። በዚያ ቀን ቄስ ደሳለ እጃቸውን ወደ እኛ ሲያራግፉ አንዲት ጠብታ ጉንጬ ላይ አረፈች። አልጠረግኋትም።

*

ከቤት ስንደርስ ፀሐዩ ሞቆ ነበር። አክስቴ ለብ ያለ ውሃ አቀረበች። ቄስ ደሳለ ታጠቡ፣ አክስቴ ጫን ጫን አድርጋ አደረቀችላቸው፣ ጣሳውን ከፈተች። ጣሳው ከዳዊቱ ማኅደር አጠገብ ግድግዳው ላይ የራሱ ቦታ ተሰጥቶታል። በአውራ ጣታቸው ሥር መስመሩ አሁንም አለ፤ ጠፍቷል አልልም። ሰኞ ጓንታቸውን ይዘው ሲሚንቶ ሊያቦኩ ይወርዳሉ፣ ነፋሱም እስከ የካቲት ድረስ አይተወንም።

«ሳሙናዬስ?» አሉ አክስቴን በቆረጣ እያዩ።

«ገደል ወርደው ያምጡት።»

ቅባቱ ወደ ቆዳቸው እስኪሰርግ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጠበቁ። ከዚያ ወደ አልጋው ዞሩ።

«ባንቺ፣ ልጅቷን አምጪያት።»

ባንቺዓለም ፈገግ አለች። «ተኝታለች አባዬ» አለች፤ ይኸኛው ጊዜ ግን እውነቷን ነበር።

«ይሁን» አሉ ሁለቱን እጆቻቸውን እየዘረጉ። «እንደ ተኛች አምጪያት።»